ጠመኔና እሾህ

ዛሬ ጠዋት ከጤና ጣቢያ የመጡ ሁለት ወጣት ሴቶች ሰፈራችንን ሲያዳርሱ አረፈዱ። ሰማያዊ ሣጥን በትከሻቸው አንግተው በየበሩ ያንኳኳሉ፣ ለሕጻናቱ የክትባቱን ጠብታ ይሰጣሉ፣ ሲወጡ በቆርቆሮው በር ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። እኔ ቤት ሕጻን የለም፤ ያለነው ሁለት አሮጊቶች፣ እኔና ታላቅ እህቴ አስካለ ነን። እነሱ ግን ሥራቸው ነውና በእኛም በር ላይ ጫር ጫር አድርገው አለፉ። ፊት ለፊታችን ያለችው ሰሚራ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ባለቤቴ የለም፤ ነገ ኑ» ብላ መለሰቻቸው።

ጥቂት ቆይታ ልጁንም ስልኳንም ይዛ ወደ እኔ ተሻገረች። ሰሚራ መልካም ልጅ ናት፤ ወጥ ስትሠራ ሳታቀምሰን አትውልም። «እማማ ጥሩ፣ ይህን ይስሙኝ እስቲ» አለችና አነበበችልኝ። የሆነ ከተማ ውስጥ በሽታ ገብቶ፣ ከታመሙት ልጆች የሚበዙት የተከተቡ ሆነው ተገኙ ይላል።

«ታዲያ ክትባቱ ምን ጠቀማቸው?» አለችኝ።

«የተከተበው ስንቱ ነው?» አልኳት።

«ከታመሙት ውስጥ?»

«አይደለም፤ ካልታመሙት ውስጥ።»

ሳቅ አለች። የእርጅና ጥያቄ መስሏታል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ዞር ስል በራችን ላይ ያን ነጭ ጭረት ፀሐይ አርፎበት አየሁት። ይህን ምልክት አውቀዋለሁ። በዚህችው ነገሌ፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ከተማውን ሙሉ እንዲህ ነጭ ሆኖ አይቼዋለሁ።

ያኔ እኔ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። አባታችን ከጎጃም ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እናታችን ቀደም ብላ ነበር የሞተችው። እሱም ከሞተ ወዲህ የቤታችን ሽማግሌ ጎረቤታችን ሐጂ አደም ሆኑ። በእኛ ጾም ቴምርና ሐለዋ ይልኩልናል፤ በእነሱ አረፋ እኛ ለእርዳታ እንሄዳለን። አስካለን የዳሯት እንኳ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሽማግሌ ሲላክ ባልየውን አጣርተው፣ ቤተ ሰቡን ጠይቀው፣ «ይሁን» ያሉት እሳቸው ነበሩ። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ወደ ሞያሌ ከወረደ ሳምንታት ያልፋሉ። እኔና አስካለ፣ ጥርስ ማብቀል የጀመረው ልጇ ዳዊትም፣ በአንድ ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር።

ሐጂ አደም ቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ሱቅም አላቸው፤ ስኳሩም ሻሂውም ጨርቁም እዚያው ነው፤ ዋናው ግን ቆዳው ነው። ከአሬሮ፣ ከዱብሉቅ፣ ከሊበን በረሃ የሚሰበስቡላቸው ሰዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ሰብሳቢ በሚያመጣው ቆዳ ጥግ ላይ የራሱን ምልክት ይበጣል። የተበላሸ ቆዳ ሲገኝ ሐጂ አይቆጡም፣ አይጣሉም። የተበላሹትን ለብቻ ከምረው ምልክታቸውን ያያሉ። ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ምልክት በዝቶ ይገኛል፤ ያ ሰው ጨው የሚቆጥብ ወይም ፀሐይ ላይ የሚያሳድር ነው፤ ከዚያ በኋላ ከእሱ አይገዙም። «ቆዳ አይዋሽም» ይሉ ነበር። በዚህ ዘዴ አንድ ጊዜም ተሳስተው አያውቁም። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚሰማቸው፤ እኔም እሰማቸው ነበር።

ከበልጉ ዝናብ በኋላ የፈንጣጣ ከታቢዎች ወደ ከተማው ገቡ። አለቃቸው ግርማ የሚባል ድሬሰር ነበር፤ ድምፀ ጎርናና፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። ገበያ መሐል በርሜል ላይ ቆሞ፣ «የተከተበ ሰው ፈንጣጣ አይነካውም! እምላለሁ አይነካውም!» አለ። ይህች መሐላው በኋላ ብዙ ሰው ዋጋ አስከፈለች። እንዲያ ባይምል ኖሮ፣ «ከብዙዎቻችሁ ያርቀዋል፤ የሚደርስበትም ካለ ይቀልለታል» ብሎ እውነቱን ቢናገር ኖሮ እያልኩ ዛሬም እናደዳለሁ። ለማንኛውም ሰው እጁን ሰጠ። ቤት ለቤት እየዞሩ ክንዳችንን ጫሩ፣ በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። የእኔም የአስካለም ክንድ አብጦ ቁስሉ ጠገገ፤ ሐጂ አደምና ትንሿ ልጃቸው ያን ሰሞን ከከተማ ወጥተው ስለነበር አመለጣቸው። ዳዊት ግን በዚያ ሰሞን ትኩሳት ይዞት ስለነበረ «ሲሻለው እንመለሳለን» ብለው አለፉት። በሩ ላይ ምልክቱን ከማድረግ ግን አልቀሩም።

የእኛን ምድር ቦና፣ ያን ደረቅ ወቅት፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ይሆናል፤ ቀዩ አቧራ ወተቱ ውስጥም አልጋው ውስጥም ይገባል፤ ከብቱ ወደ ጥልቅ ጉድጓዶቹ ይሄዳል፤ ከተማው ጭር ይላል። በዚያ ቦና ነው ከዶሎ በኩል ከመጡ ግመለኞች ጋር ፈንጣጣው የገባው። መጀመሪያ ከግመል ገበያው ጀርባ ሰማን። ቀጥሎ ከመስጊዱ በስተኋላ። ከዚያ በእኛ መንገድ ላይ።

በነገሌ ሕመም የገባበት ቤት በሩ ላይ የግራር ቅርንጫፍ ይሰካበታል። ቦረናዎቹ የበረታቸውን አፍ በእሾህ ከሚዘጉት የመጣ ልማድ ነው፤ አላፊ አግዳሚው እሾሁን አይቶ ይርቃል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በአዳዲስ በሮች ላይ እሾህ ተሰክቶ አያለሁ። አንድ ቀን በእንጀራ ሻጯ በር ላይ፣ አንድ ቀን በልብስ ሰፊው። እሾሁ እየደረቀ ነፋስ ሲመታው ቆርቆሮውን ይፍቃል። ያ ድምፅ እስካሁን አልወጣልኝም። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ እየሳሱ ሄዱ። ስም ስጠራ አንዱ ዝም ሲል ሌሎቹ «እሾህ ገባ» ይሉኛል፤ እኔም ወደሚቀጥለው ስም አልፋለሁ።

ከዚያ ነው ያ ወሬ የተነሣው። የልብስ ሰፊው ሚስት ተከትባ ነበር፤ ታመመች። የግርማ መሐላ በዚያች ቀን ሞተ። ሐጂ አደም ግን በወሬ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። ዓርብ ከስግደት ሲወጡ ዘንጋቸውን ይዘው ከተማውን ዞሩ፤ እሾህ የተሰካበትን በር ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። ሲመለሱ ወደ ቤታችን ገቡ፤ አስካለ ሻሂ በወተት አቀረበችላቸው፤ አልጠጡትም።

«አስካለ ልጄ» አሉ፤ «የእሾሁን በር ሁሉ አየሁ። ጥቂት ሲቀር ሁሉም ጠመኔ አለበት። ሰምተሻል? የታመመው ቤት የተከተበው ቤት ነው። ዱጋ፣ እውነቴን ነው፣ ወላሂ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ዳዊትን ሊከትቡ ነገ ከነገ ወዲያ እንመጣለን ብለዋል» አለች አስካለ።

«እንዳታስነኪው።»

ልብ በሉ፤ ሰውየው አልዋሹም፤ ያላዩትንም አልተናገሩም። ከእሾሁ በስተጀርባ ያለው ጠመኔ እውነት ነበር። ያን ዕለት አንድ ነገር እንደ ጎደለው ይሰማኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ደግሞ ጠመኔው የሚመሰክረው ለቤቱ እንጂ ለሰውየው አልነበረም፤ ጠመኔ ባለበት ቤት የተኛው ገና ያልተከተበ ሕጻን ወይም ከገጠር የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የእኛም በር ምልክት ነበረው፤ የእኛ ዳዊት ግን አልተከተበም። ይህን ማንም አልጠየቀም።

በሳምንቱ ሰዎች በሮቻቸውን መፋቅ ጀመሩ። በቢላ፣ በድንጋይ፣ በአመድ። ጠመኔው ሕመሙን ይጠራዋል ተባለ። በየደጃፉ ነጭ ብናኝ ፈሰሰ፤ በሩ ላይ ግን ጉዳፉ አልለቅ አለ፤ ይልቁንም ተለቅልቆ በሩን ነጭ አለበሰው። ግርማ ተናደደ፤ ፖሊስ ይዞ መጣ፤ «የማይከተብ ይታሰራል» ብሎ ፎከረ። ይህ ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ደህና ነገር ቢሆን ፖሊስ ምን አመጣው? አለ ሰው። እኔም ብሆን እንዲያው እል ነበር።

ሐጂ አደም አንድ ነገር ወሰኑ። አሬሮ የሚኖሩ ወንድም ነበሯቸው። አሬሮ ከታቢ አልደረሰም፤ እሾህም የለም። ትንሿን ልጃቸውን ዘይነባን ወደዚያ ሊልኳት ነው። ባሏ ያኔም ሞያሌ ነበርና አስካለም ዳዊትን ይዛ አብራት እንድትሄድ ተስማሙ። ማልቀስም መለመንም ሞከርኩ። አስካለ አንቀልባውን እያጠበቀች «አንቺ ልጅ የለሽም» አለችኝ።

መኪናው በሚነሣበት ጠዋት ሎኮ ወተት ይዛ መጣች። ሎኮ ከከተማው ውጪ ካለ መንደር የወተት ዕቃዋን፣ ጮጮዋን፣ አዝላ የምትመጣ የቦረና ሴት ናት፤ ሕመሙን ፈርታ ብዙ ጊዜ ቀርታ ነበር።

«አካም ቡልቴ?» አልኳት።

«ናጋ፣ ናጋ» ብላ ሰላም መሆኗን ነገረችኝና ዙሪያዋን ቃኘች። ከዚያ በራሷ ቋንቋ፣ «ምን ልትደግሱ ነው?» አለችኝ። «በመጣሁበት መንገድ ከዳር እስከ ዳር በሩ ሁሉ ነጭ ነው። አንድም የቀረ ቤት አላየሁም።»

ወተቱን ከእጇ መቀበሌን አላስታውስም። አንድም የቀረ ቤት! ወደ መንገድ ወጣሁና እሾህ የሌለባቸውን በሮች ማየት ጀመርኩ። እኛ ሁላችን፣ ሐጂም ጭምር፣ ያን ሁሉ ጊዜ እሾህ ያለበትን ብቻ ነበር ያየነው። እሾህ የሌለበት ነጭ ነው። ቀጣዩም ነጭ ነው። ረጅሙ መንገድ ሁሉ ጤነኛ ቤት ነው፤ ጤነኛው ቤት ሁሉ ነጭ ነው። ጠመኔ የሌለበት በር ፍለጋ እስከ ከተማው ዳር፣ ከታቢዎቹ ካለፉ በኋላ የመጡ ሰዎች ጎጆ የቀለሱበት ድረስ ሄድኩ። ጎጆዎቹ ጥቂት ናቸው። ጠመኔ የለባቸውም። እሾህ ያልተሰካበት ግን ለማግኘት ቸገረኝ። ከአንዱ ጎጆ ጀርባ አፈሩ ገና ያልደረቀ አጭር መቃብር ነበር፤ በላዩ ጅብ እንዳይምሰው ድንጋይ ተደርድሯል። ከዚያ ሮጥኩ።

መኪናው ከሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል። ጨውና በቆሎ ጭኗል፤ ሰዎች ከላይ ተደራርበዋል። አስካለ ዳዊትን ታቅፋ ከዘይነባ ጎን ተቀምጣለች። ከእነሱ ወዲያ፣ ጋቢናውን ተደግፎ፣ በዚያ ሙቀት እስከ ዓይኑ የተከናነበ አንድ ሰው ይንቀጠቀጣል። ማንም ልብ አላለውም፤ እኔም የገባኝ በኋላ ነው።

«አስኩ፣ ውረጂ! ልጁን እናስከትበው። አሁኑኑ ግርማ ጋ እንሂድ!» አልኳት።

«አብደሻል? መርፌ የገባበት ቤት ሁሉ አይደለም እንዴ የተኛው?»

«ያልገባበት ይብሳል! አይቼ መጣሁ። ዳሩን ሄደሽ እዪው!»

«አሬሮ ማንም አልተከተበም» አለች አስካለ። «ማንም አልታመመም። ይህን አስረጂኝ እስቲ።»

ዛሬ ቢሆን አስረዳት ነበር። ዝናብ ያልደረሰበት ቤት ጣሪያው ማፍሰሱ አይታወቅም እላት ነበር። ያን ጊዜ ግን ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበርና ወደ ሐጂ ዞርኩ።

«ሐጂ፣ ቆዳው ሁሉ የአንድ ሰው ቢሆንስ?»

«ምን አልሽ?»

«ገበያ ከመጣው ቆዳ ጥቂት ሲቀር ሁሉም የአንድ ሰብሳቢ ቢሆን፣ ከተበላሸው የሚበዛው የእሱ ምልክት ያለበት አይሆንም ወይ? እሱ ከሁሉ የተሻለ ቢሆን እንኳ! ከተማው ሁሉ ጠመኔ አለበት እኮ። እርስዎ ያዩት የተበላሸውን ክምር ብቻ ነው።»

ሐጂ አደም ጢማቸውን ያዙ። ነገሩ ሲገባቸው አየሁ፤ ዓይናቸው ላይ አየሁት። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ወደ ዘይነባ ቀና ብለው አዩ፤ እሷም ከላይ ፈገግ አለችላቸው።

«ልጄ» አሉኝ ዝግ ብለው፤ «ልጅ ቆዳ አይደለም። በቆዳ ብሳሳት እጥለዋለሁ። በልጅ ብሳሳት ምን አደርጋለሁ?»

ከዚያ ለረዳቱ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። መኪናው በዋጪሌ መንገድ ሄደ፤ አቧራው ገና ሳይረግብ ድምፁ ጠፋ። ፍርሃታቸው ነበር የወሰነው፤ እሳቸው ግን ጥንቃቄ መስሏቸዋል። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለውን ተረት እናቴ ስትደጋግመው ብዙም አልወደውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ መጠበቅ በሉት። በነገሌ እሾሁ ቀስ በቀስ ቀነሰ። የልብስ ሰፊው ሚስት ድና ወጣች፤ ፊቷ ላይ ከጥቂት ነጥብ በቀር ምንም የለባትም። ከከተማው ዳር የነበሩት ጎጆዎች ግን ብዙዎቹ ባዶ ቀሩ። ከአሬሮ በኩል የሚመጣ ሰው ሁሉ ወሬ ሲጠየቅ «ናጋ ነው» ይላል። ከዚያ «ናጋ ነው» ማለት ቀረ፤ ቀጥሎ ከአሬሮ የሚመጣ ሰው ራሱ ቀረ። ሐጂ አደም ከሱቃቸው በረንዳ ላይ መንገዱን እያዩ ይውሉ ጀመር። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

ቦረናዎቹ ጋና የሚሉት የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ በጣለ ማግስት አስካለ መጣች። ከመኪናው ስትወርድ አንቀልባው ባዶውን በትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ፊቷ ንጹሕ ነው፤ አንድ ነጥብ የለበትም። ልጇን ከደረቷ ሳታወርድ፣ ቁስሉን እያጠበች፣ በጡቷ እያባበለች አስታምማ ነው የቀበረችው። ዘይነባንም ያስታመመቻት እሷ ናት፤ ዘይነባ አንድ ዓይኗን አጥታ ተረፈች። በዚያ ሁሉ ሕመም መሐል ስትዋኝ የከረመችውን አስካለን ግን ምንም አልነካትም። የክንዷን ጠባሳ ያየሁት ያን ዕለት ልብሷን ሳስለውጣት ነው። ሁለታችንም አየነው። ዓለም ላይ ካሉት ምስክሮች ሁሉ ከዚያች ጠባሳ የከፋ አላየሁም።

ለቅሶው ላይ ሐጂ አደም መጡ። ወንበር ቢሰጧቸው እምቢ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሊነሡ ሲሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቆዳው ሁሉ የአንድ ሰው ነበር» አሉ። የሰማቸው ሰው ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባውም፤ ኀዘን ያናገራቸው መሰለው። በማግስቱ ግርማን አስጠሩት። በሱቃቸው በረንዳ ላይ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየ፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ክንዳቸውን ሰጡ። ከዚያ በኋላ ወደ አሬሮና ወደ ዱብሉቅ የሄዱት ከታቢዎች ያለ ፖሊስ ሄዱ፤ ሐጂ ራሳቸው አብረዋቸው ነበሩ። ዳዊት ግን ያው አሬሮ ቀረ።

ይህን ስናገር ሰዎች ራሴን የምወቅስ ይመስላቸዋል። አልወቅስም። ተከራከርኩ፤ ተሸነፍኩ፤ ትክክል ሆኜ ተሸነፍኩ። ይህ የተለየ ዓይነት ቁስል ነው። በኋላ ሒሳብ ሳስተምር መቶኛ የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ የቆዳውን ምሳሌ እሰጥ ነበር። ተማሪዎቼ ቶሎ ይገባቸዋል። ወረቀት ላይ ሲሆን ለማንም ይገባል። የራስን ልጅ ታቅፎ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ የሚወዱት ሽማግሌ «እንዳታስነኪው» ሲል ነው የማይገባው።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሰሚራ ገና አጠገቤ ናት። አስካለ ፀሐይ እየሞቀች ፍራሹ ላይ ጋደም ብላለች፤ ዓይኗ ከፈዘዘ ዓመታት አልፈዋል፤ ነገርም አንዳንዴ ይጠፋባታል። ሌላ ልጅ አልወለደችም። የሕጻኑን ድምፅ ስትሰማ እጇን ዘረጋች፤ ሰሚራም አስታቀፈቻት። አስካለ ጭንቅላቱን ዳበሰች፣ ጉንጩን ዳበሰች፣ ክንዱን ዳበሰች።

«ልጄ» አለቻት፤ «አሬሮ ይዘሽው እንዳትሄጂ።»

«ኧረ እማማ አስካለ፣ እኔ አሬሮ ምን ላደርግ እሄዳለሁ?» አለች ሰሚራ እየሳቀች።

አስካለ ያችን ከተማ በስሟ ስትጠራ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ስለዚህ እኔ ለሰሚራ ተረክሁላት፤ እዚህ የጻፍኩትን ያህል። ስጨርስ አልሳቀችም። ልጁን ተቀብላ፣ ስልኳን ፍራሹ ላይ ረስታ፣ ወደ ቤቷ ተሻገረች።

የጤና ጣቢያዎቹ ሴቶች ነገ ጠዋት ይመለሳሉ። ወንበሬን ከአሁኑ ደጃፍ አውጥቻለሁ፤ ከዚህ ሆኜ የሰሚራ በር በደንብ ይታየኛል። እስካሁን ምንም አልተጻፈበትም።